የእድራችን ፎቶግራፍ በፊልም ይቀጥል ወይስ ወደ ዲጂታል ይዙር?
(በእድሩ ዓመታዊ ጠቅላላ ጉባኤ ላይ በፎቶግራፍ ክፍሉ የቀረበ ንግግር)



ባለፈው ዓመት ጠቅላላ ጉባኤ ላይ ከአባላት አንድ ጥያቄ ተነሥቶ እንደነበር ታስታውሳላችሁ። ይኸውም «አገሩ ሁሉ ፊልም ትቶ በዲጂታል ሲያነሣ፣ የእኛ እድር እስከ መቼ በዚያ አሮጌ ዜኒት ካሜራ ይኖራል?» የሚል ነበር። ግማሹ አጨበጨበ፤ ግማሹ «የነበረውን አትንኩብን» አለ። ሰዓቱ ስለመሸ ነገሩ ሳይቋጭ ቀረና ኮሚቴው የፎቶግራፍ ክፍሉን ሦስታችንን «አጥኑና አቅርቡ» ብሎ አዘዘን። እኛም አጥንተናል። ስናጠና እርስ በርሳችን በሰፊው ተከራክረናል፤ በአንዳንዱ ነጥብ እስከ ዛሬም አልተስማማንም። የደረስንበትን እንነግራችኋለን፤ ውሳኔው የጉባኤው ነው።

በቅርብ ለገባችሁ አባላት የዚህን ክፍል ሥራ በአጭሩ ማስረዳት ያስፈልጋል። እድራችን ከ1974 ዓ.ም. ጀምሮ አዲስ አባል ሲመዘገብ ቤተሰቡን በሙሉ ፎቶግራፍ ያነሣል። አንዱ ቅጂ መዝገቡ ላይ ይለጠፋል፤ አንዱ ለቤተሰቡ ይሰጣል፤ ኔጋቲቩ ደግሞ በቆርቆሮ ሣጥን ሆኖ ዕቃ ቤት ይቆለፍበታል። መጀመሪያ የታሰበው ለቁጥጥር ነበር። ማን የማን ልጅ እንደሆነ፣ በደንቡ መሠረት ለማን ቀብር ስንት ብር እንደሚከፈል እንዳያከራክር ነው። ኋላ ግን ነገሩ ሌላ ሆነ። ሰው ሲሞት ቤተሰቡ በድንጋጤ ላይ ነውና ፎቶ ፍለጋ ቁም ሣጥን የሚያገላብጥበት ልብ የለውም። ስለዚህ ጡሩንባው በተነፋበት ጠዋት ከእኛ አንዱ ሣጥኑን ከፍቶ ኔጋቲቩን ያወጣል፤ የሟቹን ፊት ለይቶ አጉልቶ ያትማል፤ አስከሬኑ ከቤት ሳይወጣ ፎቶው ይደርሳል። አልቃሿ ከፍ አድርጋ የምትይዘው፣ ለቀስተኛው ቀና ብሎ እያየ የሚያለቅሰው፣ ከአርባው በኋላ ግድግዳ ላይ የሚሰቀለው እሱ ነው። ለብዙ እናቶቻችን በዕድሜያቸው የተነሡት ደህና ፎቶ ይኸው የእድሩ ብቻ ሆኖ ተገኝቷል።

እንግዲህ የምንከራከረው ስለ ካሜራ ብቻ አለመሆኑን ልብ በሉልን። ሰው በተሸኘ ዕለት ፊቱ ይገኛል ወይስ አይገኝም ነው ጥያቄው።

አስቀድመን ለፊልም የሚገባውን ምስክርነት እንስጥ። ፊልም ማለት በስስ ፕላስቲክ ላይ የተቀባ ጄላቲን ነው፤ በጄላቲኑ ውስጥ ብርሃን የሚነካው የብር ጨው አለበት። ካሜራው ሲከፈት ብርሃን ያረፈበት ጨው ዓይን የማያየው ለውጥ ያደርጋል። በጨለማ ክፍል ዴቨሎፐር የሚባለው ኬሚካል ውስጥ ሲገባ ያ የተነካው ወደ ጥቁር ብር ይለወጣል፤ ቀጥሎ ሃይፖው ያልተነካውን ጨው ያሟሟና ያወጣል፤ ከዚያ ወዲያ ማጠብ ነው። ማጠቡ ላይ የቸኮለ ሰው ፎቶው ከዓመታት በኋላ ቢጫ ሆኖ ይፈርድበታል። እኛ ከመካከላችን በአንዱ ቤት ጓዳ ውስጥ፣ መስኮቱን በጥቁር ጨርቅ ደፍነን፣ ቀይ አምፖል አብርተን ስናትም ነው የኖርን። ውኃ በሌለ ቀን በጀሪካን አስቀድተን አጥበናል። ወረቀቱ ሃይፖው ውስጥ ሲንሳፈፍ የሟች ፊት ቁልጭ ብሎ ሲያያችሁ ምን እንደሚሰማ፣ ያላየ አያውቀውም። ይህን ያልነው እንድታዝኑልን አይደለም፤ ሥራው የእጅ ሥራ እንደነበር እንድታውቁት ነው።

ታዲያ ውጤቱስ? ዘንድሮ ለጥናቱ ብለን ሣጥኑን ከላይ እስከ ታች አወጣነው። 214 ጥቅል ፊልም ቆጠርን። የ1974 እና የ1975 ዓ.ም. ጥቁርና ነጭ ኔጋቲቮች፣ ከምሥራቅ ጀርመን ይመጣ በነበረው ኦርዎ ፊልም የተነሡት ጭምር፣ አንድም ነገር አልሆኑም። ከ40 ዓመት በላይ ተኝተው ዛሬ ብናትማቸው ትናንት የተነሡ ይመስላሉ። ይህን ለማየት ኮምፒዩተር አላስፈለገንም፤ መብራት የለም፣ የይለፍ ቃል የለም፤ ወደ መስኮት ቀና አድርጎ ማየት ብቻ ነው። የቀለሞቹ ግን እንደዚያ አይደሉም። የቀለም ፊልም ላይ በመጨረሻ የሚቀረው ብሩ ሳይሆን ማቅለሚያው ነው፤ እሱም ይደበዝዛል። አንዳንዶቹ ሰዎች ፊታቸው ወደ ቀይ ዞሯል። ከዚህም ሌላ ሁለት ፖስታ ስንከፍት የኮምጣጤ ሽታ ሸተተን። ይህ የአሴቴት ፕላስቲክ በሽታ ነው፤ በሙቀትና በእርጥበት እየፈረሰ አሲድ ያወጣል፤ እንፋሎቱም አጠገቡ ያለውን ጤነኛ ፊልም ያስይዛል። ሁለቱን ፖስታዎች ወዲያው ለይተን አስቀምጠናል። ዕቃ ቤታችን ቆርቆሮ ጣሪያ እንደሆነ፣ ከድስቱና ከድንኳኑ ጋር አንድ ላይ እንደሚቀመጥም ታውቃላችሁ።

ስለዚህ «ፊልም ዘላለማዊ ነው» የሚለው ወገን ግማሽ እውነት ይዟል። ደህና የታጠበ ጥቁርና ነጭ ፊልም፣ ቀዝቀዝ ባለ ደረቅ ቦታ ካኖሩት፣ ሦስት ትውልድ ያያል። ችግሩ ያለው ከዚያ በፊት ነው፤ ይኸውም የሚያጥበው መገኘቱ ላይ።

በዓለም ላይ ፊልም ሞቷል የሚሉ ሰዎች ቸኩለዋል። ዛሬም ይሠራል፤ ይሸጣል፤ በአውሮፓና በአሜሪካ ወጣቶች እየተመለሱበት ነው። ፔንታክስ እ.ኤ.አ. በ2024 አዲስ የፊልም ካሜራ ገበያ ላይ አውጥቷል። ነገር ግን እዚያ መኖሩ ለእኛ ምን ይፈይዳል? በሰፈራችን ፊልም የሚያጥብ ፎቶ ቤት ከቆመ ቆይቷል፤ ያሉትም ማሽናቸውን አውጥተው ኮምፒዩተር አስገብተዋል። ማተሚያ ወረቀቱንና ኬሚካሉን የምናገኘው ከውጭ የሚመጣ ሰው ሻንጣው ውስጥ ቦታ ሲተርፈው ብቻ ነው። ከመካከላችን ጨለማ ክፍሉን የሚያውቀው ሰው ደግሞ እጁ መንቀጥቀጥ ጀምሯል፤ ሊማርለት የመጣ ወጣት አልተገኘም።

በዚህ ረገድ የኮዳክሮም ታሪክ ቢነገር ጥሩ ነው። ኮዳክሮም እ.ኤ.አ. ከ1935 ጀምሮ የተሸጠ የቀለም ፊልም ሲሆን፣ በቀለም አያያዙ የተመሰገነ ነበር። ነገር ግን አስተጣጠቡ እጅግ የተወሳሰበ ስለነበረ በየፎቶ ቤቱ አይታጠብም። ኩባንያው እ.ኤ.አ. በ2009 መሥራቱን አቆመ። በዓለም ላይ የቀረው አንድ ማጠቢያ፣ አሜሪካ ውስጥ ካንሳስ ግዛት ፓርሰንስ በምትባል ትንሽ ከተማ የነበረው፣ እ.ኤ.አ. በ2010 መጨረሻ የመጨረሻዎቹን ጥቅሎች ተቀበለና ኮዳክሮም መቀበሉን አቆመ። ከዚያ ቀን ወዲያ መሳቢያ ውስጥ ያልታጠበ ኮዳክሮም የተረሳበት ሰው፣ የእናቱ ሠርግ ይሁን የልጁ ክርስትና፣ ቀለሙን መልሶ ሊያገኘው አልቻለም። ፊልሙ አለ፤ ሥዕሉም በውስጡ አለ፤ የሚያወጣው የለም። የእኛም ዜኒት ወደዚያው እየሄደ ነው።

ዲጂታሉን ብንመለከት፣ የሚገርመው መጀመሪያ የሠራው ራሱ የፊልም ንጉሥ የነበረው ኮዳክ መሆኑ ነው። ስቲቨን ሳሰን የተባለ የኩባንያው ወጣት መሐንዲስ እ.ኤ.አ. በ1975፣ 3 ኪሎ ተኩል ያህል የሚመዝን መሣሪያ ገጣጥሞ ፎቶግራፍ በካሴት ክር ላይ ቀዳ። አንዷን ለመቅዳት 23 ሴኮንድ ይፈጅ ነበር፤ ሥዕሉም ከ10 ሺህ ነጥብ ብቻ የተሠራ ነው። ዛሬ በየኪሳችን ያለው ሞባይል ከዚያ በሺህ እጥፍ ይበልጣል። ኩባንያው ግን ፊልሙ ያዋጣው ስለነበረ ያን ያህል አልገፋበትም፤ እ.ኤ.አ. በጥር 2012 ከአበዳሪዎች ከለላ ፍለጋ ፍርድ ቤት ቆመ።

የዲጂታልን ጥቅም ለእናንተ መዘርዘር ለቀባሪው ማርዳት ነው። ወጪ የለውም፤ ዓይኑን የጨፈነ ሰው ወዲያው ደግሞ ይነሣል፤ አሥር ቦታ ቢቀዳ አሥሩም እኩል ነው። ይልቅ በዚህ ዓመት በሁለት ለቅሶ የደረሰውን እንንገራችሁ። ስም አንጠራም፤ የምታውቁ ታውቃላችሁ፤ የቤተሰቦቹንም ፈቃድ ጠይቀናል።

አንደኛው የ31 ዓመት ጎልማሳ ነው። በመኪና አደጋ በድንገት ተለየን። ፎቶ ማንሣት የሚወድ ልጅ ነበር፤ እህቱ እንደነገረችን ሞባይሉ ውስጥ ከ4 ሺህ በላይ ፎቶ አለ። ሞባይሉ ተዘግቷል። ቁጥሩን የሚያውቅ ማንም የለም። ባትሪው አልቆ ጠፍቶ ስለነበረ፣ ሲበራ የሚጠይቀው ያንኑ ቁጥር ነው። ጓደኞቹ የላኩት ፎቶ የቡድን ነው፤ ፊቱን ለይተን ስናጎላው እህል የተዘራ መሰለ። መታወቂያው ላይ ያለችውን ጉርድ ፎቶ ደግሞ ማኅተሙ ፊቱ ላይ አርፎ ለሁለት ከፍሏታል። በመጨረሻ ወደ ሣጥናችን ሄድን። ቤተሰቡ እድር ሲገባ የተነሣው አለ፤ ልጁ ያኔ 8 ዓመቱ ነው፤ አባቱ ጉልበት ላይ ተቀምጧል። ከዚያ በኋላ ፊልም ውድ ስለሆነ ማንም ድጋሚ አላነሣቸውም። የዚያን ዕለት የጎልማሳ አስከሬን ተሸክመን፣ ከፊቱ የሕፃን ፎቶ ይዘን ሄድን። እናቱ ፎቶውን አይታ ያለችውን እዚህ አንደግመውም።

ይህን ያነሣነው ሞባይልን ለመክሰስ አይደለም። እስቲ አስቡት፤ ፊልሙም ዲጂታሉም እኩል ነው ያልደረሱለት። ፊልሙ ጠብቆ አቆየ፤ ነገር ግን ከ23 ዓመት በፊት ያለውን አንድ ፎቶ ብቻ። ሞባይሉ 4 ሺህ አለው፤ ነገር ግን ለባለቤቱ ብቻ።

ሁለተኛው የአንዲት እናታችን ለቅሶ ነው። ልጃቸው ቤይሩት ሰው ቤት ትሠራለች። እንደ ወጉ መርዶ የሚነገረው በማለዳ፣ ዘመድና ወዳጅ ተሰብስቦ፣ የምትደገፍበት ሰው አጠገቧ ተቀምጦ ነው። እዚያ ያሉ የአገሯ ልጆች ተጠራርተው እሑድ በዕረፍቷ ሊያረዷት ቀጠሮ ይዘው ነበር። ቀብሩ የተፈጸመው ዓርብ ነው። ዓርብ ማታ አንድ ልጅ ድንኳኑን፣ አስከሬኑንና ከፊት የተያዘውን ፎቶ በሞባይሉ አንሥቶ «ነፍስ ይማር» ብሎ በማኅበራዊ መገናኛ ለቀቀው። ልጅቱ ወጥ ቤት ቆማ፣ ብቻዋን፣ የእናቷን ፎቶ በሰው እጅ ላይ አየችው። ልጁ ክፉ አስቦ አይደለም፤ ሐዘኑን መግለጹ ነው። በፊልም ዘመን ግን ይህ ሊደርስ አይችልም ነበር፤ 36ቱ ሳያልቅ አይታጠብም፤ ታጥቦ ታትሞ ፖስታ እስኪገባ መርዶው ቀድሞ ይደርሳል። ፊልም ቀርፋፋ መሆኑ ሳናውቀው ወጋችንን ሲጠብቅልን ኖሯል። ፍጥነቱ ሲመጣ መጠበቁ የእኛ ሥራ ሆነ።

በሌላ በኩል ግን፣ ይኸው ሞባይል ባይኖር ያቺ ልጅ የእናቷን ቀብር ለዘላለም አታየውም ነበር። ከተረዳች በኋላ እኛ ያነሣናቸውን ልከንላት እየደጋገመች ታያቸዋለች።

እንግዲህ የደረስንበት ይህ ነው። ወደ ዲጂታል እንዙር፤ ነገር ግን ካሜራ በመግዛት ብቻ አንዙር።

ፊልም ሲታጠብ የሚቀመጥ ነገር በግድ ይሰጣችኋል። ኔጋቲቩ በእጅ ይያዛል፤ ብትረሱት እንኳ ሣጥን ውስጥ ራሱን ጠብቆ ይቆያል። ዲጂታል ግን የሚኖረው ሰው እስካኖረው ድረስ ነው። ሃርድ ዲስክ ዓመታት ሠርቶ አንድ ቀን ሳያስጠነቅቅ ያቆማል፤ ፍላሽ ይጠፋል፤ ሜሞሪ ካርድ በስሕተት ይጠረጋል። ስለዚህ ካሜራው ከመገዛቱ በፊት ጠባቂው ይሾም እንላለን። ፎቶው ሦስት ቦታ ይቀመጥ፤ አንድ ዲስክ ጸሐፊው ዘንድ፣ አንድ ዳኛው ቤት፣ ሦስተኛው ከሰፈሩ ውጭ በአደራ፤ ቤት ቢቃጠል ሁሉም አብሮ እንዳይሄድ። በየዓመቱ እንደ ሒሳቡ ሁሉ ተቆጣጣሪዎች ዲስኮቹን አስከፍተው ይዩ። አምስት ዓመት የሞላው ዲስክ ቢሠራም ባይሠራም ይቀየር። ዕቃ ቤት ያለውን ድስት በየዓመቱ እየቆጠርን የሰዎቻችንን ፊት ሳንቆጥር መቅረት አይገባንም።

ሁለተኛ፣ እያንዳንዱ ቤተሰብ በሁለት ዓመት አንድ ጊዜ ከመስቀል በኋላ ይነሣ። በፊልም ይህን ብንል ገንዘብ ያዣችን ራሳቸውን ይይዙ ነበር፤ አሁን ግን የሚጠይቀው አንድ እሑድ ብቻ ነው። ሁሉም በቡድን ብቻ ሳይሆን አንድ አንድ ሆኖም ይነሣ። ወጣቶች «ለምን ለሞቴ እነሣለሁ» ብለው ያኮርፋሉ፤ አታስገድዷቸው፤ ለመዝገብ ነው በሏቸው፤ እውነትም ለመዝገብ ነው።

ሦስተኛ፣ ከተነሣው ሁሉ አንድ አንድ በወረቀት ይታተም። በዚህ ሦስታችንም ተስማምተናል። እ.ኤ.አ. በ2018 «ቪንቴጅ አዲስ አበባ» የተባለ መጽሐፍ ታትሟል፤ የዱሮዋን አዲስ አበባ ተራ ሰዎች፣ ሠርጋቸውን፣ ልጆቻቸውን፣ ፀጉራቸውን አጎፍረው የቆሙበትን ያሳያል። በምኒልክ ዘመን ፎቶ የሚያነሡት እንደ ቦያጂያን ያሉ አርመኖች በአመዛኙ ለቤተ መንግሥትና ለመኳንንት ነበር፤ ይህ መጽሐፍ ግን የእኛን ዓይነት ሰው ነው የሚያሳየው። ሊሠራ የቻለውም በየቤቱ በአልበምና በብስኩት ቆርቆሮ ውስጥ ወረቀት ስለተገኘ ነው። የዛሬ 50 ዓመት ማን የዛሬን ሞባይል ከፍቶ ያገኛል?

አራተኛው የዲሲፕሊን ጉዳይ ነው። ዘመድ ሁሉ መርዳቱን የቤተሰቡ ተጠሪ ለዳኛው እስኪያሳውቅ ድረስ፣ ከድንኳን የተነሣ ፎቶ ለማንም እንዳይላክ በደንቡ ላይ ይጻፍ። ጡሩንባ ነፊያችን ሲያስታውቅ ይህንንም አብሮ ቢናገር ጥሩ ነው። ቅጣት ይኑረው አይኑረው ተከራከሩበት፤ እኛ በዚህ አልተስማማንም።

ያልተስማማንበት ሌላው ዜኒቱ ነው። ከመካከላችን አንዱ ጥቁርና ነጭ ለመዝገቡ ብቻ ይቀጥል፣ ከማንኛውም ዲስክ ይልቃል ባይ ነው፤ ክርክሩም ቀላል አይደለም፤ ሣጥኑ ምስክር አለው። ሁለታችን ግን፣ ማጠብ የሚችለው ሰው አንድ ብቻ በሆነበት ሥራ ላይ እድሩ ተስፋውን መጣል የለበትም እንላለን። ካሜራው አይሸጥ፤ የቀሩት ስድስት ጥቅሎችም መማር የሚፈልግ ወጣት ከመጣ ይማርባቸው። የበጀቱን ዝርዝር ገንዘብ ያዣችን ያነቡላችኋል።

ስለ አሮጌዎቹ ኔጋቲቮች። ሁሉም በስካነር ወደ ኮምፒዩተር ይገቡ፤ ለቡድን ፎቶ በኢንች 2400 ነጥብ ይበቃል፤ ከቡድን መካከል አንድ ፊት ለማውጣት ግን እስከ 4000 መሄድ ያሻል። ከተገለበጡ በኋላ ኔጋቲቮቹ አይጣሉ። ከቆርቆሮው ሣጥን ወጥተው በወረቀት ፖስታ ይሁኑና ከዕቃ ቤቱ ወደ ጸሐፊው ክፍል ይዛወሩ።

በየቤታችሁም ኔጋቲቭ፣ ያልታጠበ ጥቅል፣ አሮጌ ፎቶ ያላችሁ አምጡልን፤ አብረን እንገለብጣለን፤ ዋናው ለባለቤቱ ይመለሳል። መስታወት ላይ የተጣበቀ ፎቶ በጥፍርም በቢላም ለማላቀቅ እንዳትሞክሩ፤ ከነመስታወቱ አምጡት፤ ከነመስታወቱ እናነሣዋለን። ፎቶ በቴሌግራም የምትልኩልን ወጣቶች እንደ ፋይል አድርጋችሁ ላኩ፤ በተለመደው መንገድ ሲላክ ይጨመቅና ለማጉላት አይሆንም። ከሁሉ በላይ ከጀርባው ስም ጻፉ፤ በእስክርቢቶ ሳይሆን በለስላሳ እርሳስ፣ ሳትጫኑ። ከ1974ቱ ፎቶዎች መካከል 17 ሰዎች ማን እንደሆኑ እኛ አላወቅናቸውም። አትመን በአዳራሹ በር በኩል ለጥፈናቸዋል፤ ስትወጡ ቆም ብላችሁ እዩልን፤ የምታውቁት ካለ ስሙን ለጸሐፊው ንገሩት። መውጣት ለማይችሉ አረጋውያን ፎቶዎቹን ይዘን ከፊታችን ቅዳሜ ጀምሮ በየቤቱ እንዞራለን።